ደጋም ቆላም የሚሆን ዘይት

አባቴ የሞተር ዘይት የሚገዛው ማር እንደሚገዛ ነበር። እንጅባራ ከተማ ውስጥ ዘይት ከበርሜል እየቀዳ ከሚሸጥ ሱቅ ይገባል፤ ከኪሱ በደንብ የተላገች የቀርከሃ ስንጥር ያወጣል፤ ጫፏን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይስባታል። ከዚያ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከስንጥሯ የሚወርደውን ክር ያያል። ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ "ውኃ ገብቶበታል" ብሎ ስንጥሯን ይጠርጋል። ክሩ ረዝሞ፣ ተጎትቶ፣ ታች ሲደርስ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ከተኛ ግን "ዘይት ማለት ይኼ ነው" ይላል። ባለሱቁ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። ኋላ ግን ስለለመደው "ጋሼ፣ የዛሬው ማር እንዴት ነው?" እያለ ራሱ የበርሜሉን ክዳን ይከፍትለት ጀመር።

ይህንን የምጽፈው አባቴን ለማሳቅ አይደለም። በእኛ አገር ማር የሚፈተነው እንደዚያ ነው፤ በማር ደግሞ አባቴን ያታለለ ሰው የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀፎ ሰቅሎ የኖረ ሰው ስለሆነ ወፍራም ማር እውነተኛ፣ ቀጭን ማር የተበረዘ መሆኑን በእጁ ያውቃል። ያንኑ እውቀት ይዞ ወደ ዘይት ሱቅ ሄደ። እውቀቱ ትክክል ነበር፤ የገባበት ቤት ነው የተሳሳተው።

እኔ ሴት ልጁ ዳንግላ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ይህንን ስለሚያውቁ የመውጫው ደወል ሊደወል ሲል ጥያቄ አይጠይቁኝም። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ እንጅባራ፣ ከዚያም በባጃጅ ወደ ጥርባ መንገድ ላይ ወዳለው ቤታችን እመለሳለሁ። ቤታችን መድረሴን የማውቀው ከቀርከሃው አጥር በላይ የትራክተሯ ጭስ ማውጫ ብቅ ብሎ ሲታየኝ ነው።

ትራክተሯን አባቴ በጨረታ የገዛት እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔም አሮጌ ነበረች። ቀይ ቀለሟ ዛሬ ወደ ሸክላ መልክ ተለውጧል። በመጋቢት የእኛን ደጋ ለድንችና ለስንዴ ታርሳለች፤ ሚያዝያ ሲገባ ቁልቁል ጫግኒ ወርዳ የበቆሎ መሬት ትገለብጣለች። አባቴ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ቀን የሚያርሰው በሬ ለሌላቸው ሰዎች ነው። ለዚያ ቀን ከምርቃት ሌላ ምንም አይቀበልም። በአካባቢያችን አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ "ባለትራክተሩ" ነው የሚሉት።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የመጋቢት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። አባቴ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንዴ አቃሰተ፤ ደገመ፤ በሦስተኛው ዝም አለ። ሁለት ጎረቤቶቻችን መጡና ከእኔ ጋር ሆነን ትራክተሯን ወደ ቁልቁለቱ ገፋናት። ስትነሣ ደግሞ ከሞተሩ ውስጥ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወረወር ያለ ድምፅ መጣ፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ።

አንደኛው ጎረቤታችን ትንፋሹን እየሰበሰበ "ይቺ እንኳ በጅራፍ እንጂ በቁልፍ የምትነሣ አይደለችም!" አለ።

ሌላው ጊዜ ቢሆን አባቴ የባሰ ነገር መልሶ ያስቀን ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ትራክተሯን ወደ ደጃፋችን መልሶ ሞተሯን ሳያጠፋ አቆማት። ያ አስፈራኝ።

ቁርስ ላይ ነገረኝ። ከተማ ያለ አንድ መካኒክ አዳምጧት የሞተሩ የውስጥ ብረቶች አልቀዋል፣ መላ የለውም ብሎታል። አሮጌ ትራክተር እየገዛ የሚፈታ ነጋዴ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቅዳሜ ሊያያት ይመጣል።

"ቃል ሰጥተኸዋል?" አልኩት።

"ና እያት ነው ያልኩት። ካያት በኋላ እንነጋገራለን።"

"አባዬ፣ ልትሸጣት ነው?"

"የጫግኒ መንገድ ላይ ገደል አፋፍ ቆማ ባለ ሚኒባስ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ከሚያዋርዳት፣ በክብሯ ትሂድ።"

ወደ እንጀራዬ ተመለስኩ። ግን እየበላን ሳለ ውጭ ቆማ የምትሠራው ሞተር ድምፅ ተለወጠ። ጣ ጣ የሚለው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ጥያቄ መጣብኝ።

"ጫግኒ ስትወርድስ እንዲህ ታስቸግርሃለች?"

"ጫግኒማ ቁልፉን ገና ሳሳያት ትነሣለች።"

"ድምፁስ?"

"ምን ድምፅ አለ? ቆላውን ትወደዋለች እኮ።"

ደብተሬን አወጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ዘይት ሥራው በሚፋተጉ ብረቶች መሀል ገብቶ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። የሞተሩ ብረቶች በእውነት አልቀው ቢሆን ኖሮ ክፍተታቸው ስለሚሰፋ፣ የባሰ መንኳኳት የነበረባት ዘይቱ በሚቀጥንበት በጫግኒ ሙቀት ነው። እሷ ግን ቆላ ላይ ደኅና ሆና ደጋ ላይ ታመመች፤ ደጋም ላይ ስትሞቅ ይሻላታል። ስለዚህ የታመመው ብረቱ አይደለም። ወፍራሙ ዘይት በብርድ ረግቶ ከታች ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ብረቶቹ ደረቃቸውን እየተመቱ ነው።

"ሞተሯ አልሞተችም አባዬ። ዘይቷ ነው ያሳመማት።"

"ዘይቷ ምን ሆነ? ከሁሉ ወፍራሙን እየመረጥኩ ነው የማጠጣት።"

"እሱ ነው ችግሩ!"

"ወፍራም ነገር ደግሞ መቼ ነው ሰው የጎዳው?"

ወፍረም ያለችው እናቴ ከጓዳ "እኔን ነው?" አለች፤ በዚያ ጠዋት የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ዘይት መምረጥ የጀመረው ከሁለት ዓመት ወዲህ መሆኑንም ያኔ ነገረኝ። ከዚያ በፊት አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ትራክተሯን ስለሚያውቃት ሳይጠየቅ ዘይቷን አውጥቶ ይሰጠው ነበር። ሽማግሌው ሱቁን ሲዘጋ አባቴ በስንጥሩ ቀረ። ስንጥሯም በየጊዜው የምትመርጥለት በርሜሉ ላይ ሃምሳ የሚል የተጻፈበትን፣ ከሁሉ የወፈረውን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ስሕተት መጻፍ አለብኝ። ሰኞ ዳንግላ እንደተመለስኩ በኩራት አንድ ሱቅ ገብቼ "ለብርድ የሚሆን ቀጭን ዘይት" አልኩ። ሻጩ የሚያብለጨልጭ ዕቃ አወጣልኝ፤ ፊቱ ላይ አምስት ደብሊው ሠላሳ ይላል። ተማሪዎቼን "ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ" እያልኩ የምጨቀጭቅ ሰው፣ የዕቃውን ጀርባ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነብ ተሸክሜው ሄድኩ።

ቅዳሜ ቀየርነው። ትራክተሯ ቁልፉ ግማሽ ሳይዞር ተነሣች። ጎረቤቶቻችን ሊገፉ መጥተው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። አባቴ ከመቀመጫው ወርዶ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንዳረሰች የዘይት ግፊት የሚያሳየው መርፌ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ሞተር ሲግል በጣም ቀጭን ዘይት ከብረቶቹ መሀል እየሾለከ ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወድቃል። እኔ መርፌውን ሳላይ አባቴ በጆሮው ሰማው። ትልሙ መሀል አጠፋት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ አንዲት ጠብታ ጥፍሩ ላይ አሳረፈ። ጠብታዋ ሳትቆም ወርዳ ጠፋች።

"ይኼ ላብ ነው እንጂ ዘይት አይደለም" አለ።

ከአጥር ማዶ "መምህርት፣ ውኃ አጠጣሻት እንዴ?" የሚል የጎረቤታችን ድምፅ መጣ። ሮጬ ባዶውን ዕቃ አመጣሁ። ከዚያ የዕቃውን ጀርባ አነበብኩ። ለሞተር ዘይት ሁሉ ጀርባው ላይ የተጻፈ ፊደል አለ፤ በ"ኤስ" የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ"ሲ" የሚጀምረው እንደ ትራክተሯ ላለ የናፍጣ ሞተር ነው። የገዛሁት በኤስ የሚጀምር፣ ለአዲስ የቤት መኪና የተሠራ ነበር።

አባቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገና "ተይው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ፤ አንቺ ግማሽ ቀን" አለኝ። ነጋዴው ሊመጣ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፈተ። የቦታ ወረቀቶቹ ከሚቀመጡበት ሥር በላስቲክና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከትራክተሯ ጋር አብሮ የመጣ መጽሐፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። በዚያ ቤት ዘይት ያልነካው ነገር ስለሌለ የገጾቹ ንጣት አስገረመኝ፤ አንድ የጣት አሻራ የለባቸውም።

"ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አላሳየኸኝም?"

"ስገዛት ልጅ ነበርሽ። ፊደሉን ብታውቂው ነገሩን አታውቂውም። አስተማሪ ስትሆኚ ደግሞ..." የነጩን ጨርቅ ጫፍ አጣጠፈ። "ደግሞ 'ምኗንም ሳያነብ ነው ሲነዳት የኖረው' እንዳትይኝ አፈርኩ።"

እኔ ግን ያን ጊዜ በአባቴ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም። ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ አንድ ቀን የሚያነበው ይመጣል ብሎ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው ነው።

እያነበብኩ በቤታችን ቋንቋ በአገውኛ እየመለስኩ ነገርኩት። ስለ ዘይት የሚናገረው ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አለ፤ ለብርድ አገር ቀጭን፣ ለመካከለኛ ሠላሳ፣ ለሞቃት አርባ። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘይት ይጠቅሳል፤ አሥራ አምስት ደብሊው አርባ። ፊደሉም በሲ የሚጀምር።

"አንድ ዘይት ለእንጅባራም ለጫግኒም?" አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "ይኼማ የነጋዴ ወሬ ነው።"

ይህ በቃል እንደማይሆን ገባኝ። ሁለት ብርጭቆ ማር ቀዳሁ። አንዱን ጥላው ውስጥ ብርዱ ላይ፣ ሌላውን ምድጃው ዳር አስቀመጥኩ።

እናቴ "ሰንበት ነው፤ ሥራ እንዳይሆንባችሁ" አለች።

"ማር ማየት መቼ ሥራ ሆኖ ያውቃል?" አላት አባቴ።

ቆይተን ሁለት እኩል የሆኑ ትንንሽ ዳዶዎችን፣ የቡሎን መያዣ ብረቶችን ማለቴ ነው፣ ማሮቹ ውስጥ ጣልን። ብርድ ላይ በቆየው ውስጥ ዳዶው ሲወርድ አባቴ ሃያ ሦስት ድረስ ቆጠረ። በሞቀው ውስጥ ሦስት ሳይል ታች ደረሰ።

"ማሩ ያው አንድ ማር ነው" አልኩት። "ከአንድ ቀፎ የወጣ። ሞተር ውስጥ ያለው ዘይትም ጠዋት እንደዚህኛው፣ ቀን እንደዚያኛው ነው። የአንተ ሃምሳው ጠዋት ዳዶውን አላሳልፍም ይላል። የእኔው ቀጭኑ ደግሞ ቀን ሲሞቅ እንደ ውኃ ይሆናል። ይህ በመጽሐፉ ያለው የተሠራው ሙቀት ቶሎ እንዳያቀጥነው ተደርጎ ነው። የፊተኛው ቁጥር፣ ከደብሊው ጋር ያለው፣ በብርድ ጠዋት ምን ያህል ቀጥኖ እንደሚሮጥ ይነግርሃል። የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ወፍሮ እንደሚጸና።"

"ሲሞቅ ይወፍራል ማለትሽ ነው?"

"አይወፍርም። ይቀጥናል፤ ግን እንደ ሌላው አይቀጥንም።"

አባቴ ዳዶዎቹን በጣቱ እያወጣ ማሩን እየላሰ ብዙ አሰበ። በእኛ አገር ሰው ፈረሱን ይወዳል፤ ግን ወደ ቆላ አያወርደውም፤ ፈረስ ቆላ ይታመማል። በድንገት ጭኑን መታ።

"ስንት ሰዓት ሙሉ ምን ታደክሚኛለሽ? በቅሎ ነው በይኛ!"

"ምኑ?"

"ዘይቱ! ደጋ ስትወስጂው ደገኛ፣ ቆላ ስታወርጂው ቆለኛ። ፈረሱን ነው ሁለት ዓመት ቆላ ደጋ ሳንከራትት የኖርኩት።"

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ስለዚህ ነገር ከዚያ ያጠረ ማብራሪያ አልሰማሁም። ዛሬ ለተማሪዎቼ ሳስተምር በቅሎዋን እጠቅሳለሁ።

በሳምንቱ ዓርብ ዘይቱን ይዤ መጣሁ። ሱቁ ውስጥ የዕቃውን ፊትም ጀርባም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ። እኔ መጽሐፉን ሳነብ አባቴ ሠራ። መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥተን አሞቅነው፤ ዘይት ሞቆ ሲፈስ ነው ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣው። ከዚያ የታችኛውን ቡሎን ፈታ፤ የወረደውን በጀሪካን ተቀበልን። ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮም ለወጠ። አዲሱን ሲሞላ በመለኪያው ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች የላይኛው ጋ ሲደርስ እጁን ያዝኩት።

"ትንሽ ልጨምርላት እንጂ፤ ረኃብ ላይ ነበረች" አለ።

"ከምልክቱ ካለፈ ይጎዳታል።"

"እሺ የእኔ እመቤት" ብሎ ክዳኑን ገጠመ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው ገና ፀሐይ ሳትወጣ መጣ። ሽበት የጀመረው፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶን ትራክተሯን ይዞራት ጀመር።

"ጎማው ይሆነኛል። የኋላው ጥርሳ ጥርስ ይሆነኛል። ሞተሩ እንግዲህ ለብረት ነው" አለ።

አባቴ "ወንድሜ፣ ሳትሞት አትበልታት" አለው።

"ሞታለች ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ብዬ ነበር። እስቲ አብረን እንያት።"

ጎረቤቶቻችን ለመግፋት ቆመዋል። ከአጥሩ ሥር ያለው ሣር ነጭ ነው። አባቴ ወጥቶ ተቀመጠ፤ አማተበ፤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ ዞረ፤ ሁለቴ ዞረ፤ ተነሣች። ጣ ጣ አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ፤ አራት ስል ድምፁ ጠፋ። አባቴ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን የአንገቱ ሥር ሲላላ አየሁት።

ነጋዴው አልተደነቀም። "ብርድ ላይ እንዲህ ቶሎ የሮጠ ቀጭን ዘይት ስትሞቅ ይከዳል። ያኔ ታያላችሁ" አለ። ልክ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ በእኛ ላይ የደረሰው ያ ነው። ስለዚህ እንዲጠብቅ አባቴ ለመነው፤ እሱም አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

አባቴ ማረስ ጀመረ፤ እኔ ከኋለኛው ጎማ በላይ ባለው ክዳን ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። በየሩብ ሰዓቱ መርፌው ያለበትን ጻፍኩ። ማረስ ከጀመርን ሁለት ሰዓት ሞላ። መርፌው ከጠዋቱ ትንሽ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። ሦስት ሰዓት ሞላ፤ እዚያው ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ አባቴ ነጋዴው ፊት አቆማት፤ ሞተሩን ግን አላጠፋውም። ነጋዴው ከጃኬቱ ረጅም ካቻቪቴ አወጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።

"ማነው የሠራት?" አለ ቀና ብሎ።

"አልተሠራችም። ትንሽ ጭስ አላት፣ እሱን አልደብቅህም፤ ሁለት ዓመት ያለ ዘይቷ ያሠራኋት የእኔ ጥፋት ነው። ዘይቷን ነው የለወጥነው።"

"ማነው የመረጠላችሁ?"

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "አስተማሪ ናት። መጽሐፏን አነበበችላት።"

ነጋዴው አየኝና ካቻቪቴውን ወደ ኪሱ መለሰ። "እንግዲህ ስለ ዋጋ..." ሲል አባቴ እጁን አነሣ።

"ና እያት ነበር ያልኩህ፤ አየሃት። እኔም ዛሬ ገና አየኋት። የምሸጠው የለኝም ወንድሜ፤ ላደከምኩህ ይቅር በለኝ። ግባና ምሳ ብላ።"

ነጋዴው ሳቀ። "ደኅና ብረት አመለጠኝ" አለና እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ፤ እናቴም ውኃ ይዛ ተቀበለችው።

አባቴ ግን አብሮት አልገባም። የመሬቱ ግማሽ ገና አልታረሰም ነበር። ተመልሶ ማርሽ አስገባ፤ እኔም ክዳኑ ላይ ተመለስኩ። ባለፈው ቅዳሜ በተሳቀብኝ በጎረቤታችን አጥር በኩል ስናልፍ፣ መርፌው ከአፍንጫው ሥር ሆኖ ሳለ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኾ ጠየቀኝ።

"መምህርት! መርፌው የት ደረሰ?"

ለምን እንደጠየቀኝ ስለገባኝ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳ በማላወጣው ድምፅ መለስኩለት።

"ቦታው ላይ ነው አባዬ!"